በቅበላ ዕለት የተቆለፈው ድምፅ

ጊዜን በጊዜ የሚተካ፣ ጾምን በፍሥሓ የሚፈታ፣ ለዝምታም ለእልልታም ልክ የሰጠ እግዚአብሔር አምላክ ስሙ በሰማይም በምድርም የተመሰገነ ይሁን። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያለፈው ፋሲካ ነው። በዚያ ዕለት ንጋት በጎንደር ከተማችን የሙዚቃ ሬዲዮ ጣቢያ ላይ የአንድ ሽማግሌ ሳል ተሰማ። ለሌላው አድማጭ ሳል ብቻ ነበር፤ ለእኔና በደጋ ላይ ለሚኖሩ አንዲት መነኩሴ ግን ዓመት ሙሉ የተጠበቀ ነገር ነበር። አሁን ጭንቀቱ ስላለፈ፣ ልቤም ስላረፈ፣ ነገሩን ከሥሩ ልተርከው።

እኔ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደግሁ ሰው ነኝ። አቋቋም የተማርኩት ከአንድ ደረቅ መምህር ዘንድ ነው፤ ደረቅ ስል ፊታቸውን ማለቴ እንጂ ልባቸውን አይደለም። መምህራችን ወረብ ከማንሣታቸው በፊት አንዲት አጭር ሳል ይስሉ ነበር። በሽታ አልነበረችም፤ ልማድ ነበረች። እኛ ደቀ መዛሙርቱ ጸናጽላችንን የምናነሣው ያችን ሳል ሰምተን ነው። ከሳሉ ቀድሞ ጸናጽሉን ያንቀጫቀጨ ተማሪ የመቋሚያቸው ጫፍ ያገኘዋል፤ ከሳሉ በኋላ የዘገየውንም እንዲሁ።

እኔ ተመርቄ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ቆይቶ ከተማችን የራሷን የሙዚቃ ጣቢያ አገኘች። የጣቢያው ሰዎች መቅረጫ ይዘው የመምህሬን ጉባኤ ሲጠይቁ እየመራሁ የወሰድኳቸው እኔ ነበርኩ። መምህሬ መሣሪያውን ከፊትም ከኋላም አዩትና፣

«ድምፄን በዚህች ሣጥን ልትከቱት ነው?» አሉ።

«አዎን፣ የኔታ። አገር ሁሉ ይሰማዋል» አልኳቸው።

«አገር ይስማው። ብቻ ደክሞኝ በተኛሁበት እኔኑ እንዳይቀሰቅሰኝ።»

ተሳሳቅን። ከዚያ ሳሉ፤ ጸናጽሉ ተነሣ፤ ከበሮው ተመታ። የዓመቱ በዓላት ወረብ በአንድ ካሴት ተቀረጸ። ሌላ ቅጂ እናስቀር ብሎ ያሰበ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። መምህሬ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ዐረፉ፤ ድምፃቸው በጣቢያው ቀረ።

ያን ጊዜ የጣቢያው ውሎ ሁሉም ጥግ ያለው ሰፊ ቤት ይመስል ነበር። ንጋት ላይ መንፈሳዊ ዜማ ይሰማል። ረፋዱ ላይ የማሲንቆው ተራ ይደርሳል፤ የገጠሩ ዘፈን፣ የሠርጉ፣ የአጨዳው ይከተላል። ከቀትር በኋላ ለወጣቶች የሚሆነው ይቀርባል። ሲመሽ ደግሞ ሰው ለወዳጁ ዘፈን ይመርጣል፤ ከሳንጃ የሰሊጥ ነጋዴው አዘዞ ላለችው እኅቱ ሰላምታ ይልካል፤ አዲስ ሙሽሮች ለሚዜዎቻቸው ምስጋና ያቀርባሉ። ባለቤቴ ይህንን የምሽቱን ክፍል ትወድ ነበር። እኔ መጽሐፌን ዘርግቼ የማልሰማ መስዬ እቀመጣለሁ።

«ሰሙ? የአይከሉ ልጅ ዛሬም ለዚያችው ልጅ መረጠላት» ትለኛለች።

«እኔ ምን ቸገረኝ?»

«ባለፈው ሳምንት ምነው ረሳት ብለው ያዘኑት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ገጽ እገልጣለሁ።

ካሴቶቹን የምትጠብቀው ከጭልጋ የመጣች አንዲት ብርቱ ሴት ነበረች። ጣቢያው በተከፈተ በመጀመሪያው ሑዳዴ ዋዜማ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠብቃ፣ በጾሙ ወራት ምን እንዲሰማ ምን እንዲቀር ጠየቀችኝ። እኔም፣ ቤተ ክርስቲያን በሑዳዴ ከበሮና ጸናጽሏን አስቀምጣ በመቋሚያ ብቻ እንደምትዘምም፣ ስለዚህ ከበሮ ያለበት ነገር በንጋቱ ሰዓት እንዳይሰማ ትጠንቀቅ ዘንድ ነገርኳት። ቃሌን አጥብቃ ያዘች። ምን ያህል አጥብቃ እንደያዘችው ያወቅሁት ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሑዳዴ በገባ ቁጥር የመምህሬ ድምፅ ከአየር ላይ ይጠፋል። በገናው ይቆያል፤ ያለ ከበሮ የሚዜመው ይቆያል። በፋሲካ ንጋት ያች ሳል ትመለሳለች።

ይህንን መመላለስ ከሁላችን ይልቅ ልብ ብለው የሚከታተሉ አንዲት አድማጭ ነበሩ። የመምህሬ ታላቅ እኅት ናቸው። ከመነኰሱ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ በደባት በኩል፣ ብርዱ በሚጠናበት ደጋ ላይ፣ በአንድ ደብር ቅጥር ውስጥ ባለች ጎጆ ይኖራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ እግራቸውም ከቅጥሩ በር አያልፍም። ሬዲዮናቸውን በመስኮቷ ደፍ ላይ ወደ ጎንደር አዙረው ያኖሩታል፤ ነፋሱ በበረታ ጊዜ ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል። በእሑድና በበዓል ንጋት ወንድማቸውን ያዳምጣሉ። ሑዳዴ ሲገባ ዝም ማለቱ አያሳዝናቸውም ነበር። «እሱም ይጹም እንጂ» ይሉ ነበር አሉ።

ከዕለታት በአንዱ ጣቢያው መልኩን ለወጠ። አዲስ ኃላፊዎች መጡ፤ ካሴቱ ቀርቶ ሁሉም ነገር በኮምፒዩተር ሆነ፤ ከንጋት እስከ ንጋት ዘመናዊ ዘፈን ብቻ ይሰማ ጀመር። በየዘፈኑ መካከል የጣቢያው ስም እንደ ነጐድጓድ ይጮኻል። አንድ ፈጣን ወጣት አቅራቢ ነበረ፤ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ለማግኘት ብዙ ደከምኩ፤ አላገኘሁም።

«ዘፈኑስ ሸጋ ነው» አለች ባለቤቴ፤ «ልጁ ዝም ቢልልን።»

ብዙም ሳይቆይ ይህም ተለወጠ፤ የኳስ ወሬ በዘፈኑ መካከል ገባ፤ የባሕር ማዶ ቡድኖችን ስም ከደቀ መዛሙርቴ ስም አብልጬ ሰማሁ። ከዚያ ደግሞ ኳሱ ቀንሶ የድሮ ዘፈን መጣ፤ ከዚያም የድሮው ወጥቶ የዳንሱ ተመለሰ። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ሳስበው እኛም ብንሆን ዓመቱን በአንድ ዜማ አንዘልቅም። ግዕዝ አለ፣ ዕዝል አለ፣ አራራይ አለ፤ የጾሙ ሌላ፣ የበዓሉ ሌላ ነው። ስለዚህ መለወጡን ልነቅፍ አልቻልኩም። ልቤን የከበደው ሌላ ነገር ነው። እኛ ከበሮውን ስናስቀምጥ የሚነሣበት ቀን ተቆርጦለት ነው። የጣቢያው ለውጥ ግን የተወውን ነገር መቼ መልሶ እንደሚያነሣ የሚያውቅ ሰው አልነበረውም።

ይህ ሁሉ የጀመረው በሑዳዴ መካከል ነበር። በሑዳዴ የመምህሬ ድምፅ ስለማይሰማ፣ መጥፋቱን ማንም አላስተዋለም፤ እኔም አላስተዋልኩም። ፋሲካ ደረሰ። በበዓሉ ማግስት ስልኬ ጮኸ፤ እማሆይ ከጎረቤት ስልክ ተውሰው ነው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ። ጢሜ ከነጣ ዘመን አልፎታል፤ ለእርሳቸው ግን ዛሬም የወንድማቸው ተማሪ ነኝ። «ወንድሜ ምን አጠፋ?»

«ምን አሉኝ፣ እማሆይ?»

«ፋሲካ መጣ፤ እሱ አልመጣም። ሳሉን ስጠብቅ አንዱ ጎረምሳ እየጮኸ ስለ ሳሙና ነገረኝ። ምን ተገኘበት ብላችሁ ነው ያወረዳችሁት?»

«ምንም አልተገኘባቸውም። የተለወጠው ጣቢያው ነው እንጂ።»

«እንግዲያው መልሱት። መዝሙሩንስ ካህናቱም ያደርሱልኛል፤ ያችን ሳል ግን ማን ይስልልኛል? ሳልሰማት እንዳታስቀብሩኝ።»

እማሆይ የሚለምኑ ሰው አይደሉም፤ በሕይወታቸው ሲለምኑ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር። ያዘኑትም ድምፁ ስለራቀባቸው ብቻ አይደለም፤ ወንድማቸው ነውር ተገኝቶበት ከመድረኩ የወረደ መስሏቸዋል።

በማግስቱ ወደ ጣቢያው ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ በዩኒቨርሲቲው የተማረ፣ ጨዋ የአዘዞ ልጅ ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ የመጣሁበትን አዳመጠ፤ ከዚያም ወደ አንድ ክፍል ወሰደኝና የመንፈሳዊውን መደርደሪያ አሳየኝ። እዚያ የነበረው ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። አንድ በአንድ አየን። በገናው አለ፤ የጾሙ ዜማ አለ። የመምህሬ ካሴት ግን የለም።

«ከዚህ ውጭ መንፈሳዊ ነገር የምታስቀምጡበት የለም?» አልኩ።

«የለም፣ የኔታ። ሌላው ሁሉ ዘፈን ነው።»

ሌላው ሁሉ ዘፈን ከሆነ እኔም በዚያ በኩል አልተመለከትኩም። ለመሆኑ የወረብ ካሴት በዘፈን መካከል ምን ሊሠራ ይገኛል? ካሴት ጠባቂዋን ልጠይቅ አልኩ፤ በዚያው ሑዳዴ ጡረታ ወጥታ ወደ አገሯ ወደ ጭልጋ፣ አይከል ገብታለች። ስልኳ አይሠራም። የአይከል መንገድ ደግሞ ተዘግቷል፤ ተከፈተ ሲባልም ሳልነሣ መልሶ ይዘጋል። ከመምህሬ ተማሪዎች መካከል በሕይወት ያሉትን ሁሉ አፈላለግሁ፤ ቅጂ ያለው አልተገኘም። ክረምቱ ገባ፤ ወጣ። መስቀል አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። እማሆይ በየበዓሉ ማግስት ይደውላሉ።

«ዛሬም ሳሙናው ነው» ይሉኛል።

በኋላ በኋላ የሚደውለው ጎረቤታቸው ሆነ፤ እማሆይ ደክመዋል፣ ተኝተዋል አለኝ። በዚያን ጊዜ ፍርሃት ገባኝ።

ሁለተኛው ሑዳዴ ከተጋመሰ በኋላ የአይከል መንገድ ተከፈተ። መኪና ውስጥ ተጨናንቄ፣ መቋሚያዬን በጉልበቴ መካከል ይዤ ሄድኩ። ሴትዮዋን ከገበያው ዳር አገኘኋት፤ ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። በሱቋ ውስጥ ያው ጣቢያ ይጮኻል።

«እንዴ መሪጌታ! ምነው በሰላም፣ እስከዚህ ድረስ?»

«አሁንም ይህንን ታዳምጫለሽ?» አልኳት።

«ኖሬበት የለ፣ እንዴት እተዋለሁ? ይኼ ልጅ ሲያወራ ሒሳብ ያሳስተኛል እንጂ» ብላ ድምፁን ቀነሰችው።

የመጣሁበትን ነገርኳት። ገና ሳልጨርስ ፊቷ ላይ መገረም አየሁ።

«የመምህሩ ካሴት? ጠፋ? የት ይጠፋል? ባስቀመጥኩበት አለ እንጂ!»

«የመንፈሳዊውን መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች ፈትሸናል።»

«መንፈሳዊው ላይ ማን አስቀመጠውና? ከበሮ አለበት አይደል እንዴ? በየዓመቱ የቅበላ ዕለት ከበሮ ያለበትን ሁሉ ለቅሜ ወደ ዘፈኑ ቁም ሣጥን አስገባና እቆልፋለሁ። በፋሲካ ዋዜማ እከፍታለሁ። ያኔም ቆለፍኩት፤ ፋሲካ ሳይደርስ ጡረታዬ ደረሰ።»

«ከሠርግ ዘፈን ጋር?»

«ታዲያስ!»

«ወረቡን?»

«በጾም ከበሮ እንዳይሰማ ተጠንቀቂ ብለው አጥብቀው የነገሩኝ ማን ሆነና ነው! እኔ ደብተራ አይደለሁ፤ የማሕሌቱ ከበሮ ቆዳው ከሠርጉ ከበሮ በምን ይለያል?»

ሥርዓቱን የነገርኳት እኔ፤ ከነገርኳት በላይ አጥብቃ የጠበቀችው እርሷ። በአደባባይ መሳቅ የማያምርበት የጾም ወራት ነበር፤ ቢሆንም ሳቅሁ። እርሷም ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከባንኮኒው ሥር ቦርሳዋን አወጣችና ስትፈልግ ቆይታ በክር የታሰረ ቁልፍ ሰጠችኝ።

«ለፋሲካው ክፈቺልን ብለው ይጠሩኛል ብዬ ይዤው ነበር» አለች። «ማንም አልጠራኝም።»

በማግስቱ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ወደ ጣቢያው ዕቃ ቤት ገባን። ቁም ሣጥኑ በተደራረቡ ሰሌዳዎችና በተሰበሩ ወንበሮች ተከልሎ ቆሟል።

«ይህንን ከበዓሉ በኋላ ልናስወግደው ነበር» አለኝ፤ ድምፁም ትንሽ ሰለለ። «የካሴት ዘፈን ማን ይፈልጋል ብለን።»

ቁልፉ ገባ፤ እምቢ አለ፤ ዘይት ጠብ ቢደረግለት ዞረ። ካሴቶቹ በተርታ ተሰድረዋል፤ የሠርግ፣ የአጨዳ፣ የእስክስታ። ከሁለት የሠርግ ዘፈኖች መካከል በሴትዮዋ እጅ ጽሕፈት የመምህሬ ስም የተጻፈበት ካሴት ቆሟል። ወስጄ ሳምኩት። መምህሬ ለዓመታት ከማን ጋር እየጾሙ እንደኖሩ ቢያውቁ ምን ይሉ እንደነበር አሰብኩ።

ቀሪው ጥያቄ ካሴቱ ደኅና መሆኑ ነው። ሥራ አስኪያጁ ማጫወቻ አስፈልጎ አመጣ፤ ጆሮ ላይ የሚደረገውንም ማዳመጫ አቀረበልኝ።

«አንተ ስማው» አልኩት። «ለእኔ ሑዳዴ ነው። እኔ ፊትህን አያለሁ።»

ማዳመጫውን አደረገ። ፊቱን አየሁ። በመጀመሪያ ቅንድቡ ተሰበሰበ፤ ባዶ ሆኖ ይሆን ብዬ ወደ እርሱ ጠጋ አልኩ።

«ምን ትሰማለህ?»

«ሽውታ ብቻ ነው... ይቆዩ። አንድ ሽማግሌ ሳሉ።»

«እሳቸው ናቸው» አልኩ፤ ተቀመጥኩም።

ከዚያ በኋላ የሚናገረው አላስፈለገኝም። ጣቱ ሳይታወቀው ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ፤ ከበሮው እንደ ተነሣ አወቅሁ። እስኪያልቅ ድረስ በጣቱ ተከተልኩት፤ የትኛው በዓል ላይ እንደ ደረሰም እገምት ነበር። ካሴቱ ሲያልቅ ማዳመጫውን አወረደ።

«ደኅና ነው፣ የኔታ። ኮምፒዩተር ላይ ስናስገባው ሽውታውን እናጠራዋለን። ሳሉንም ብናነሣው ንጹሕ ይሆናል።»

«ልጄ፣ ሌላውን እንዳሻህ አድርግ። ሳሉን ግን እንዳትነካ። ዓመት ሙሉ የፈለግነው እርሱን ነው።»

የእማሆይን ነገር ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ ወዲያው ተነሣ።

«እንግዲያውስ ነገ ንጋት አስገባዋለሁ።»

«ሑዳዴ ነው አልኩህ።»

«ደክመዋል፣ ተኝተዋል ብለውኛልኮ። ቢያልፉስ?»

ይህችን ጥያቄ እኔም እፈራት ነበር። ቀኖናው ግልጽ ነው፤ የእማሆይም ልመና ግልጽ ነው። ወደ ቤቴ ስመለስ እግሬ ከበደኝ። ለሰው ነፍስ ሲባል ይፈቀድ ይሆን? በስልክ ለብቻቸው ባሰማቸውስ? ከባለቤቴ ጋር ተመካከርኩ።

«ለምን ራሳቸውን አይጠይቋቸውም?» አለችኝ። «በእርሳቸው ጆሮ ላይ ሁለታችሁ ምን ያከራክራችኋል?»

ደወልኩ። ጎረቤቱ ስልኩን ወደ አልጋቸው ወሰደላቸው። ካሴቱ መገኘቱን ነገርኳቸው። ወንድማቸው ነውር እንዳልተገኘበት፣ በከበሮው ምክንያት ለጾሙ ተቆልፎ እንደ ቀረ አስረዳኋቸው።

«ከዘፋኞች ጋር?» አሉ።

«ከዘፋኞች ጋር፣ እማሆይ።»

«ጉድ ነው! ሲመለስ ዜማው እንዳይበላሽ እንጂ።» መሳቅ ጀምረው ድካም አቋረጣቸው።

«ጣቢያው ነገ ላሰማዎት ይላል። ደክመዋል ስላሉኝ...»

«ምን ነካህ አንተ ልጅ! ለእኔ ተብሎ በሑዳዴ ከበሮ ይመታ? ወንድሜ ቢሰማ መቋሚያውን ያነሣብሃል።»

«እፈራለሁ፣ እማሆይ።»

«እጠብቃለሁ። ባልደርስም ከራሱ ከባለቤቱ ዘንድ ሄጄ እሰማዋለሁ፤ እኔ ምን ቸገረኝ? አንተ ይልቅ ካሴቱን ጠብቅ።»

ከዚያ ወዲያ የነበረው የጾም ወራት ረጅም ሆነብኝ። በየጸሎቴ ስማቸውን አነሣሁ። ሥራ አስኪያጁ በበኩሉ ከእኔ ጋር መገናኘቱን አላቆመም፤ ድሮ የንጋቱ ሰዓት በጾም ምን ይመስል እንደነበር፣ በበዓል ምን ይመስል እንደነበር ይጠይቀኛል። ነገርኩት። እሱም ሁሉንም ወደ ድሮው አልመለሰም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ወጣቶቹ ከቀትር በኋላ ያላቸው ድርሻ ይቆይላቸው። ንጋቱን ብቻ ነጻ አደረገልን፤ በቀረው የሑዳዴ ወራት በገናው ተመልሶ ይሰማ ጀመር። እማሆይ ያንን ሰምተው እንደሆነ ለማወቅ ደወልኩ፤ ተኝተው እንደሚሰሙት ጎረቤታቸው ነገረኝ። በሕማማት ሳምንት ግን የደጋው ስልክ ጭራሹን ጠፋ። ስግደቱ፣ ብርዱ፣ ደካማው ሰውነታቸው በዓይነ ሕሊናዬ እየመጡብኝ ዓርብ ስሰግድ ሐሳቤ ሁለት ቦታ ነበር።

የትንሣኤ ቅዳሴ አልቆ ወደ ቤት ስመለስ ምሥራቁ ፈገግ ማለት ጀምሯል። ባለቤቴ ገበታውን አቅርባለች።

«ይቅመሱ እንጂ፤ ይቀዘቅዛል።»

«ይቅዘቅዝ።»

ሬዲዮኑን አጠገባችን አኖርን። ያ ፈጣን ወጣት አቅራቢ ነበር ተረኛው። ያን ዕለት ግን ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየለየ፣ እንኳን አደረሳችሁ አለ። ከረጅም የጾም ዕረፍት የተመለሱ አንድ መምህር ይሰማሉ አለ፤ ከዚያም ዝም አለ። ዝም ማለት ይችል ኖሯል! ትንሽ ሽውታ ሰማሁ። ኮምፒዩተሩ መጀመሪያውን በራሱ ቆርጦት ይሆን ብዬ ወደ ሬዲዮኑ ጎንበስ አልኩ።

ሳሉ።

እጄ ወደ ጉልበቴ ሄደ፤ ጸናጽል ፍለጋ ነው። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ፤ ጸናጽሉ ተከተለ፤ ከበሮውም ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ ብሎ ደረሰ። ባለቤቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ያለችው ሴት ምን ተገኘ ሳትል በእልልታ መለሰችላት። እኔ ግን ደስታዬን አልጨረስኩትም፤ ግማሹ በደጋው ላይ ቀርቷል። መስኮቷ ተከፍታ ይሆን? የሚከፍታት ሰው ይኖር ይሆን?

ቀኑን ሙሉ ስልክ ሞከርኩ። አልሠራም። እንግዶች መጡ፣ ሄዱ። አመሻሹ ላይ ተስፋ ቆርጬ ስልኩን ከገበታው ዳር ሳኖረው ጮኸ።

«አንተ ልጅ።»

«እማሆይ!»

«ተማሪዎቹ ሁለተኛው ወረብ ላይ ቸኮሉ። አንተም ከመካከላቸው ነበርክ ልበል?»

«ነበርኩ» አልኩ።

«አውቄዋለሁ። ሳሉን ግን ሰማሁት። ነፋሱም ዛሬ ዝም አለልኝ። በል አሁን ጾሜን ልፍታ፤ አንተን ሳላገኝ አልፈታም ብዬ እስካሁን እህል አልቀመስኩም፤ ጎረቤቴ እየተቆጣኝ ነው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ባለቤቴ የቀዘቀዘውን ወጥ ወስዳ አሙቃ መለሰችው። ከዚያ በፊት ጾም ስፈታ እንደዚያ ቀን ምግብ የጣመኝን ጊዜ አላስታውስም። ትከሻዬ ላይ ዓመት ሙሉ ተጭኖ የነበረው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያወቅሁት ከወረደልኝ በኋላ ነው።

እማሆይ እነሆ አሉ፤ ከፋሲካው ወዲህ ከአልጋቸው ተነሥተው መስኮቷ ሥር ይቀመጣሉ። የአይከሏ ሴት አልፎ አልፎ ወደ ጎንደር ስትወርድ የጣቢያው ሰዎች ያስጠሯታል፤ ቁልፉንም መልሰው ለእርሷ ሰጥተዋታል፤ ቁም ሣጥኑም አልተጣለም። የካሴቱ ቅጂ አሁን በእኔ ዘንድ፣ በጣቢያውም፣ በደቀ መዛሙርቴም እጅ ይገኛል። ጣቢያው ወደ ፊት መልኩን ደግሞ እንደሚለውጥ አልጠራጠርም፤ ይለውጥ። ሥራ አስኪያጁ በቅርቡ አግኝቶኝ፣ በመጪው የቅበላ ዕለት ከበሮ ያለበትን ከንጋቱ ሰዓት እንደሚያስቀምጥ፣ በፋሲካ ዋዜማም የሚያነሣው ሰው ከወዲሁ እንደተመደበ ነገረኝ። ማንን መደብህ ብዬ ጠየቅሁት። ያንን ፈጣን ወጣት ነው አለኝ።

አንተ ይህንን ያነበብህ፣ አንቺም ያነበብሽ፣ የምትጠብቁት ድምፅ ካለ በጊዜው ያሰማችሁ። በቤታችሁ የታመመ ቢኖር ይነሣ፤ የራቀም ቢኖር በደኅና ይመለስ። ጾማችሁን በጤና አስጀምሮ በጤና ያስፈታችሁ፤ ገበታችሁ ሰው አይጣበት፤ በመስኮታችሁ የሚገባው ነፋስ የምሥራች ይዞ የሚመጣ ይሁን። አሜን።